የሸራ ጀልባ ሞተር የማቀዝቀዣ ውሃው ሲያፈስ
ለባለቤቱም ለእመቤቲቱም የሚጠቅም ምክር

ከቤተሰብ ጋራ በሸራ ጀልባ በባሕር ላይ መጓዝ በአውሮፓና በአሜሪካ አገር የብዙ ሰዎች የዕረፍት ጊዜ ማሳለፊያ ሆኗል። አባት መሪውን ይዞ፥ እናት የሸራውን ገመድ ስባ፥ ልጆችም በጀልባው አፍንጫ ተቀምጠው ከወደብ ወደ ወደብ ይሄዳሉ፤ ከነዚህም መካከል የምድር ቤታቸውን ሸጠው ኑሯቸውን ሁሉ በጀልባ ላይ ያደረጉ አይታጡም። ይህን ከዳር ሆኖ የሚመለከት ሰው የሸራ ጀልባ በነፋስ ብቻ የሚሄድ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ወደ ውስጥ ከሚያስገባው ደረጃ በስተኋላ በናፍጣ የሚሠራ አንድ ትንሽ ሞተር ተሸሽጎ ይገኛል። ነፋስ ሲቆም፥ ወደ ጠባብ ወደብ ሲገባና ሲወጣ፥ ማዕበልም ጀልባውን ወደ ድንጋያማ ዳርቻ ሲገፋው ቤተሰቡን የሚያድነው ይኸው ሞተር ነው።

ከዚህም በላይ ነፋስ እያለ እንኳ በሸራ መሄድ የማይፈቀድበት ስፍራ አለ። ከሜዲቴራኒያን ባሕር ወደ ቀይ ባሕር የሚያሻግረው የስዊዝ ቦይ ርዝመቱ 193 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ትናንሽ የሸራ ጀልባዎችም ይህን መንገድ የሚያልፉት በሞተር ኃይል ብቻ፥ የቦዩ መንገድ መሪ ተሳፍሮባቸው፥ ብዙውን ጊዜም በእስማኤሊያ ከተማ አድረው በሁለት ቀን ነው። በፊትና በኋላ ታላላቅ መርከቦች በሚመላለሱበት በዚያ ቦይ ሞተሩ ቢቆም የሸራ ጀልባ መሆኑ አንዳች አይረዳውም። ቦዩን ጨርሶ ወደ ደቡብ ለሚወርደውም የቀይ ባሕር ውሃ በሐምሌና በነሐሴ ከ30 ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ፥ በቀዝቃዛ ባሕር ሳይታወቅ የኖረው የሞተሩ ደዌ በዚያ ይገለጥበታል።

ከነዚህም ደዌዎች በብዛት የሚገኘው የማቀዝቀዣ ውሃ መፍሰስ ነው። ይህ ጉዳይ በቤተሰብ ገጽ ላይ መጻፉ የሚያስገርመው አንባቢ ቢኖር፥ ከዚህ በታች ስለ ጣፋጩ መርዝና ስለ መታጠቢያው ውሃ የተጻፈውን ቢያነብ ምክንያቱን ያገኘዋል።

የሞተሩን ሕመም ለመረዳት አስቀድሞ የጤናውን ሁኔታ ማወቅ ይገባል። ናፍጣ በሲሊንደር ውስጥ ሲነድ ከሚሰጠው ሙቀት ወደ ሥራ የሚለወጠው ከግማሽ ያነሰ ነው። የቀረው ሙቀት በጭስና በውሃ አማካይነት ካልወጣ ብረቱን ያጣምመዋል። በአውቶሞቢል ላይ ይህን ሙቀት ራዲያተሩ ተቀብሎ ለነፋስ ያስረክበዋል። በጀልባ ሆድ ውስጥ ነፋስ የለም፤ በዙሪያው ግን ማለቂያ የሌለው ውሃ አለ። ስለዚህ በአንድ ሞተር ላይ ሁለት ውሃዎች ይሠራሉ፤ አንደኛውን የቤት ውሃ፥ ሁለተኛውን የውጭ ውሃ ብለን ብንጠራቸው ነገሩ ይቀላል።

የቤት ውሃው አንቲፍሪዝ የተቀላቀለበት ንጹሕ ውሃ ነው። በቺንጋ የሚዞር ፖምፓ እየገፋው በሲሊንደሮቹና በቴስታታው ውስጥ ይመላለሳል፤ ዞሮ ወደ ነበረበት ይመለሳል እንጂ ወደ ውጭ አይወጣም። የውጭ ውሃው የባሕር ውሃ ነው፤ ከጀልባው ግርጌ ባለው ቧንቧ ገብቶ፥ በወንፊት ተጣርቶ፥ የጎማ ምላሶች ባሉት ሌላ ፖምፓ እየተገፋ የሙቀት መለዋወጫ ወደሚባለው ዕቃ ይደርሳል። በዚህ ዕቃ ውስጥ ከመዳብ ቅይጥ የተሠሩ ብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች እንደ ችቦ ታስረው ተቀምጠዋል። የባሕሩ ውሃ በቱቦዎቹ ውስጥ፥ የሞተሩ ውሃ በቱቦዎቹ ዙሪያ ያልፋል፤ ሁለቱ ሳይነካኩ አንዱ ለአንዱ ሙቀቱን ይሰጠዋል። ከዚያም የባሕሩ ውሃ ከጭሱ ጋራ ተቀላቅሎ በጀልባው ኋላ ይተፋል። በወደብ የሚቆም ሰው ጀልባዎች ከጀርባቸው ውሃ እየረጩ ሲያልፉ የሚያየው ይህንኑ ነው።

ሁሉም ሞተር ግን እንዲህ አይደለም። በጃፓን አገር ያማኦካ ማጎኪቺ የሚባል ሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1912 በኦሳካ ከተማ ያቋቋመው ፋብሪካ በ1933 ለመሸጥ የበቃ ትንሽ የናፍጣ ሞተር ለመሥራት ችሎ ነበር፤ የፋብሪካው ስም ያንማር የተባለውም በዚያ አገር ቋንቋ ታላቁ የውሃ ተርብ «ያንማ» ስለሚባል ነው። ለሸራ ጀልባ ከሠራቸው ሞተሮች አንዱ 2ጂኤም20ኤፍ ይባላል። በመጨረሻ ያለችው የኤፍ ፊደል የቤት ውሃ ያለው መሆኑን ታመለክታለች፤ ያለዚህች ፊደል የተሠራው ወንድሙ 2ጂኤም20 ግን የባሕሩን ውሃ በቀጥታ በሆዱ ያሳልፋል። ጨው ከ60 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ ውሃ ውስጥ እንደ ቅርፊት ስለሚጋገር፥ እንዲህ ያለው ሞተር ሙቀቱ ዝቅ እንዲል ሆኖ ይሠራል። እንግዲህ ባለቤቱ ሞተሩ ከየትኛው ወገን መሆኑን አስቀድሞ ይወቅ። ከዚህ በታች የምንጽፈው የቤት ውሃ ስላለው ነው።

የቤት ውሃው ዘወትር እየዞረ የሚመለስ ስለሆነ መጉደል አይገባውም። ይህን ነገር አጥብቀን እንናገራለን፤ ምክንያቱም ብዙ ባለ ጀልባዎች ውሃው ጎድሎ ሲያገኙት በየማለዳው አንድ ብርጭቆ እየጨመሩ ዓመት ያሳልፋሉ፤ ጨመርን እንጂ ምን ጎደለብን ይላሉ። ውሃ መጨመር ግን ጥገና አይደለም። የጎደለው ውሃ ወዴት እንደ ሄደ መጠየቅ ይገባል፤ ውሃ የሚሄድበት ስፍራ የተወሰነ ነውና፤ ወይ ወደ ጀልባው ሆድ ይንጠባጠባል፥ ወይ ከጭሱ ጋራ ወደ ባሕር ይወጣል፥ ወይ ወደ ሞተሩ ዘይት ይገባል፥ ወይም ወደ ቤተሰቡ የመታጠቢያ ውሃ ይቀላቀላል። እያንዳንዱ የየራሱን ደዌ ያመለክታል። ለዚህም ከሁሉ የሚሻለው መሣሪያ አንድ ደብተርና እርሳስ ነው። በጀልባው ላይ የስንቁን ቁጥር የምትይዘው እመቤት የሞተሩንም ውሃ አብራ ብትጽፍ፥ በየትኛው ቀን ስንት ብርጭቆ እንደ ተጨመረና ሞተሩ ስንት ሰዓት እንደ ሠራ ቢታወቅ፥ መካኒክ ሲጠራ ግማሹ ሥራ ተሠርቶ ይቆየዋል።

ፍለጋው የሚጀመረው ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። የላይኛው ጋን ክዳን ተራ ክዳን አይደለም፤ በውስጡ ጠምዛዛ ሽቦ ያለው ሆኖ በብዙ ሞተሮች ላይ እስከ 0.9 ባር የሚደርስ ግፊት ይዞ ይቆያል። ውሃ በዚህ ግፊት ሥር ሲሆን በ100 ዲግሪ መፍላቱ ቀርቶ በ118 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ በሞቀ ጊዜ ክዳኑ ቢከፈት ታፍኖ የነበረው ውሃ በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ የከፋቹን ፊትና እጅ ይጠብሳል። ክዳኑ በባዶ እጅ ተዳስሶ እስኪበርድ ድረስ ማንም አይክፈተው፤ ልጆችም በዚያን ጊዜ ከላይ ከመቀመጫው ይቆዩ።

ከዚህ በኋላ ሞተሩን በጨርቅ ፈጽሞ ማድረቅ፥ ከሥሩም የወጥ ቤት ነጭ ወረቀት ማንጠፍ ነው። አንቲፍሪዝ አረንጓዴ ወይም ቀይ ወይም ሰማያዊ ቀለም የሚደረግበት አንደኛው ጥቅሙ ለዚህ ነው፤ በነጭ ወረቀት ላይ አንዲት ጠብታ ብትወድቅ ትታያለች። ነገር ግን ጠብታ የወደቀችበት ስፍራ የፈሰሰችበት ስፍራ አይደለም፤ ውሃ በቱቦና በብረት ጠርዝ ላይ እየተንሸራተተ ሩቅ ሄዶ ይወድቃልና፥ ከወደቀበት ወደ ላይ መከተል ያስፈልጋል። የጠመኔ ወይም የሕፃናት ገላ ዱቄት በተጠረጠረው መጋጠሚያ ላይ ቢነሰነስ ውሃው ያለፈበት መንገድ እንደ ጅረት ተስሎ ይታያል። የቆየ ፍሳሽ ደግሞ ራሱ ይመሰክራል፤ የሞተሩ ውሃ ሲደርቅ ቀለም ያለው ቅርፊት፥ የባሕሩ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ጨው ይተዋል። ጠብታው ቀለም የሌለው ሆኖ ከየትኛው ወገን መሆኑ ቢያጠራጥር፥ ከእርሱ ጥቂት በአሮጌ ማንኪያ ላይ ወስዶ በእሳት ማድረቅ ነው፤ የባሕር ውሃ ከሆነ ጨው ይቀራል። በምላስ መቅመስ ግን ክልክል ነው፤ ማንኪያውም ከዚያ ወዲያ ወደ ማዕድ አይመለስም።

የቀመሰ ሰው ጣፋጭ ሆኖ ያገኘዋል፤ አደጋውም ይኸው ጣፋጭነቱ ነው። በብዙዎቹ አንቲፍሪዞች ውስጥ ያለው ኤቲሊን ግላይኮል የሚባለው ፈሳሽ ነው። ቀለሙ ደማቅ፥ ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነ ሕፃን እንደ ሽሮፕ ይጠጣዋል፤ ውሻና ድመትም ከወለል ላይ ይልሱታል። ለትንሽ ልጅ ጥቂት ጉንጭ ብቻ ለሞት ሊያበቃው ይችላል። መጀመሪያ የሚታየው እንደ ስካር ያለ መንገዳገድና እንቅልፍ፥ ማስታወክም ነው። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሰዓት የተሻለው ይመስላል፤ ይህ ግን ማታለያ ነው፤ በዚያን ጊዜ መርዙ በጉበት ውስጥ ወደ ባሰ አሲድ ይለወጣል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ኩላሊት ሥራውን ያቆማል። ስለዚህ ልጅ መጠጣቱ ከተጠረጠረ ምልክት ሳይጠብቁ፥ የፈሳሹን ዕቃ ይዘው፥ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። መድኃኒት አለው፤ የሚረዳው ግን ቶሎ ሲሰጥ ነው። በባሕር መካከል የሚገኝ ጀልባም በራዲዮ የሐኪም ምክር መጠየቅና ወደ ቅርቡ ወደብ ማቅናት አለበት።

ለዚህም አደጋ ቤተሰብ አስቀድሞ የሚያደርገው ጥንቃቄ አለ። አንቲፍሪዙ ከተገዛበት ዕቃ ወደ ለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አይገልበጥ፤ በተቆለፈ ሣጥን ይቀመጥ፤ ከሞተሩ የወጣውም በሳፋ ተቀብሎ፥ ከቆሻሻ ዘይት ጋራ ሳይደባለቅ፥ በወደቡ አደገኛ ቆሻሻ ወደሚሰበሰብበት ስፍራ ይሂድ እንጂ ወደ ባሕር አይጣል። ልጆች በጀልባቸው የሚያሳድጉ ሰዎች ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚባለውን፥ መርዝነቱ እጅግ ያነሰውን ዓይነት መምረጣቸውን እኛም እንደግፈዋለን። ዋጋው ከፍ ቢልም ሞተሩን የሠራው ፋብሪካ የሚፈቅደው ከሆነ ልዩነቱ የሚቆጨው አባት የለም።

ወደ ጥገናው እንመለስ። በወረቀትና በዱቄት ያልተገኘው ፍሳሽ መካኒኮች በሚይዙት ትንሽ የእጅ ፖምፓ ይገኛል። ይህም ፖምፓ በጋኑ ክዳን ቦታ ይገጠማል፤ በክዳኑ ላይ የተጻፈውን ግፊት ያህል፥ ከዚያም ሳይበልጥ፥ አየር ይገፋበታል፤ ሩብ ሰዓት ያህልም ይጠበቃል። መርፌው ካልወረደ ቤቱ ደኅና ነው፤ ጥፋቱ ምናልባት በክዳኑ ጎማ ላይ ነው፤ እርሱንም መለወጥ ከሥራዎች ሁሉ የቀለለው ነው። መርፌው ከወረደና ጠብታ ከታየ ቦታው ተገኘ። መርፌው ወርዶ ጠብታ ከሌለ ግን ውሃው የሚጠፋው በውስጥ ነው፤ ይህ ከሁሉ የሚያሳስበው ነው።

በውጭ ከሚታየው ፍሳሽ አብዛኛው በጎማ ቱቦዎችና በማጥበቂያ ቀለበቶቻቸው ላይ ይገኛል። ጎማ በሙቀት፥ በዘይትና በዕድሜ ብዛት ይደርቃል፤ ሲጨምቁት የሚንኮሻኮሽ ወይም እንደ ዱባ የለሰለሰ ቢሆን ሳይፈነዳ መለወጥ አለበት። ቀለበቱም ቢሆን ዓይንን ያታልላል፤ ማሰሪያው የማይዝግ ብረት ሆኖ ብሎኑ ተራ ብረት የሆነበት አለ፤ እንዲህ ያለው በጨዋማ አየር ጥቂት ወራት ቆይቶ ይበጠሳል። ስለዚህ ሁለመናው ከማይዝግ ብረት መሆኑ በማግኔት ይፈተን፤ ማግኔት አጥብቆ ከያዘው ይጣል። አሮጌውን ቱቦ በካቻቢቴ እየፈለቀቁ ማውጣት አይገባም፤ የሚሰካበት አፍ ለስላሳ ብረት ስለሆነ ይጫራል፤ የተጫረ አፍም አዲሱን ቱቦ ቢያስሩበት ያፈስሳል። በሹል ቢላዋ ቱቦውን በቁመቱ ሰንጥቆ እንደ ባቄላ መፈልፈል የተሻለ ነው። አዲሱን ቱቦ በፍል ውሃ አለስልሶ፥ ጥቂት ሳሙና ቀብቶ እስከ መጨረሻው መግፋት፥ ቀለበቱንም ከጠርዙ ጥቂት ገባ አድርጎ ማሰር፤ ከዚያ ሞተሩ አንድ ጊዜ ሞቆ ከበረደ በኋላ እንደገና ማጥበቅ ነው። ጎማው በሙቀት ይቀመጣልና መጀመሪያ የጠበቀው በሁለተኛው ቀን ይላላል።

ሁለተኛው ቦታ ፖምፓው ነው። በብዙ ፖምፓዎች ሆድ ላይ፥ በውሃው መያዣና በኩሽኔታው መካከል፥ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ትገኛለች። ከእርስዋ ውሃ ሲንጠባጠብ ያየ ሰው ፍሳሹን ያገኘ መስሎት በእንጨት ወይም በሙጫ ይደፍናታል። ይህ ትልቅ ጉዳት ነው። ቀዳዳዋን የሠራው መሐንዲስ ነው፤ የውሃው መያዣ ጎማ ሲያልቅ ውሃው ወደ ኩሽኔታው ወይም ወደ ሞተሩ ዘይት ከመግባት ይልቅ ወደ ውጭ እንዲወጣና ባለቤቱን እንዲያስጠነቅቅ ብሎ ትቷታል። የደፈናት ሰው ደወሉን ሰብሮ ሌባውን ያስገባ ነው። የሚገባው ፖምፓውን ፈትቶ መያዣውን ጎማ መለወጥ፥ ዘንጉም በመፋተግ ተቦርቡሮ እንደ ሆነ እርሱንም አብሮ መለወጥ ነው፤ በተቦረቦረ ዘንግ ላይ የተደረገ አዲስ ጎማ ብዙ አይቆይም። የባሕሩን ውሃ የሚገፋው ፖምፓ ሲፈታ ከጀልባው ግርጌ ያለው ቧንቧ አስቀድሞ መዘጋት እንዳለበት ማንም አይዘንጋ። ቁልፉንም በቧንቧው እጀታ ላይ ማንጠልጠል የብዙ ጥንቁቅ መርከበኞች ልማድ ነው፤ ቧንቧውን ሳይከፍት ሞተሩን ማስነሣት አይችልምና።

ሦስተኛው የሙቀት መለዋወጫው ነው። በእንግሊዝ አገር በፒተርቦሮ ከተማ በ1932 የተቋቋመው የፐርኪንስ ፋብሪካ 4-108 የሚባለውን ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ሠርቶ ነበር፤ ይህም ሞተር ብዙ የሸራ ጀልባዎችን ሲያገለግል ኖሯል። በእርሱ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገጠመው ቦውማን የሚባለው የሙቀት መለዋወጫ ሁለቱ ጫፎቹ በጎማ ቆብ የተሸፈኑ ናቸው። ጎማው ሲያረጅ ከቆቡ ሥር ይፈስሳል፤ ጥገናውም አዲስ ቆብ ገዝቶ ማሰር ብቻ ስለሆነ ባለቤቱ ራሱ ሊሠራው ይችላል። ቆቡ በተከፈተ ጊዜ የቱቦዎቹ እቅፍ ተስቦ ይወጣል። ቅርፊት ከያዘው በሆምጣጤ ወይም በሎሚ አሲድ ነክሮ ማጠብ እንጂ በብረት ብሩሽ መፋቅ አይገባም፤ የቱቦዎቹ ግድግዳ እጅግ ቀጭን ነውና።

ከቱቦዎቹ አንዱ በዝገት ተበስቶ እንደ ሆነ፥ ከላይ በውስጥ የሚጠፋ ውሃ ካልናቸው አንዱ ይህ ነው። ሞተሩ በሞቀ ጊዜ የቤት ውሃው ግፊት ከባሕሩ ውሃ ስለሚበልጥ በዚያች ቀዳዳ ወደ ባሕሩ ውሃ ይገባና ከጭሱ ጋራ ይሄዳል። በጀልባው ሆድ አንዲት ጠብታ አትታይም፤ ጋኑ ግን ይጎድላል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ጨዋማው ውሃ በዚያው መንገድ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ከውስጥ ይዝጋል። ቱቦዎቹን አውጥቶ፥ የውጭውን ወገን ዘግቶ በሳፋ ውሃ ውስጥ አጥልቆ ጥቂት አየር ቢነፉበት አረፋው የተበሳውን ያሳያል። አንድ ወይም ሁለት ቱቦ ብቻ ከሆነ ጫፍና ጫፉን በብየዳ ደፍኖ መጠቀም ይቻላል፤ ብዙ ከሆነ ግን አዲስ መግዛት ነው። ይህ እንዳይደርስ በብዙ መለዋወጫዎች ላይ የዚንክ ዘንግ ይሰካል፤ ዝገቱ ሌላውን ብረት ትቶ እርሱን ይበላል። ዘንጉ ግማሹ ሲያልቅ መለወጥ አለበት፤ ዋጋው ከመለዋወጫው ዋጋ ጋራ ሲተያይ እንደ ምንም የሚቆጠር ነው።

አሁን ለእመቤቲቱ ከሁሉ ይልቅ ወደሚያሳስበው እንደርሳለን። በብዙ ጀልባዎች ላይ የገላና የዕቃ ማጠቢያ ውሃ የሚሞቀው በሞተሩ ሙቀት ነው። የሞተሩ የቤት ውሃ በሞቀ ጊዜ በጎማ ቱቦ ሄዶ በማሞቂያው በርሜል ውስጥ ባለ ጠምዛዛ ቱቦ ያልፋል፤ በዙሪያው ያለውን የቤተሰቡን ውሃም ያሞቀዋል። የሁለቱ መለያ የዚያ ጠምዛዛ ቱቦ ግድግዳ ብቻ ነው። ተበስቶ ቢገኝ ነገሩ እንደ ግፊቱ ይሆናል። የቤቱ ውሃ ፖምፓ በሚሠራበት ጊዜ የቤተሰቡ ውሃ ወደ ሞተሩ ይገባል፤ የሞተሩ ጋን ሳይጨመርበት ሞልቶ መፍሰሱ ምልክቱ ነው። ፖምፓው ጠፍቶ ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ግን አንቲፍሪዙ ወደ ቤተሰቡ ሙቅ ውሃ ይገባል። ስለዚህ ጋኑ ያለ ምክንያት የሞላ ወይም የጎደለ እንደ ሆነ፥ ከሙቁ ቧንቧም ቀለም ወይም ልዩ ሽታ ያለው ውሃ የወጣ እንደ ሆነ፥ ያ ውሃ በዚያኑ ሰዓት ይቁም። ሻይ አይፈላበት፥ የሕፃን ጡጦ አይታጠብበት። ማሞቂያውን ከሞተሩ ለመለየት ሁለቱን የጎማ ቱቦዎች ከማሞቂያው ነቅሎ፥ የቱቦዎቹን አፍ በአንድ አጭር ማያያዣ ማገናኘት ይበቃል፤ ሞተሩ ያለ ማሞቂያው ደኅና ሆኖ ይሠራል፤ ቤተሰቡም እስከ ወደብ ድረስ በምድጃ ያሞቃል። ደኅና በሆነ ማሞቂያም ቢሆን ለመጠጥና ለምግብ ቀዝቃዛውን ውሃ ብቻ መጠቀም የተሻለ መሆኑን እናምናለን።

የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ወይም ቴስታታው ተሰንጥቆ እንደ ሆነ ደግሞ ምልክቱ ሌላ ነው። ቀዝቃዛው ሞተር ክዳኑ ተከፍቶ ቢነሣ በጋኑ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ይፈላል፤ ከጭሱም ነጭ እንፋሎት ይበዛል፤ የዘይቱ መለኪያ ዘንግ ሲወጣ ዘይቱ ወተት የተጨመረበት ቡና ይመስላል። ይህን ያየ ባለቤት ሞተሩን ያቁም፤ ውሃ የገባበት ዘይት ኩሽኔታዎቹን ያበላሻቸዋልና። ሥራውም የብልሃተኛ መካኒክ ነው፤ ቴስታታው ወርዶ ልኩ ተስተካክሎ፥ ብሎኖቹም በፋብሪካው መጽሐፍ በተጻፈው ኃይልና ተራ መጥበቅ አለባቸው።

በየሱቁ የፍሳሽ ማቆሚያ እየተባለ የሚሸጥ ዱቄትና ፈሳሽ አለ። የቀድሞ የአውቶሞቢል ነጂዎችም የእንቁላል ነጭ ወይም ቁንዶ በርበሬ በራዲያተር ይጨምሩ እንደ ነበር ይነገራል። ይህ ነገር ቀዳዳና መተላለፊያ ለይቶ አያውቅም። በመለዋወጫው ቀጫጭን ቱቦዎች ዙሪያና በማሞቂያው ጠምዛዛ ቱቦ ውስጥ ተጋግሮ ውሃውን ያግደዋል፤ ትንሹን ፍሳሽ ያቆመው ሞተሩን ያቃጥለዋል። በጀልባ ላይ ባይጠቀሙበት እንመክራለን።

ፍሳሹ በባሕር መካከል ቢጀምር ግን ምን ይደረጋል? የሸራ ጀልባ ነውና አስቀድሞ ሸራ ይዘርጋ፤ ከዳርቻውም ይራቅ፤ ሞተሩም ይቁም። በረድቶ ሲከፈት ንጹሕ ውሃ ይጨመርበታል፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ቴስታታውን ሊሰነጥቀው ስለሚችል መታገሥ ያስፈልጋል። የተቀደደ ቱቦ ደርቆ፥ በራሱ ላይ በሚጣበቀው የጎማ ጥቅል እየተወጠረ ብዙ ጊዜ ቢጠቀለል ለጥቂት ሰዓት ይይዛል። ወደብ ለመግባት ሞተሩ ማስፈለጉ ካልቀረ፥ ሳይነሣ በፊት የጋኑን ክዳን እስከ መጀመሪያው ጥርስ ድረስ አላልቶ መተው ይረዳል፤ ግፊት በሌለበት ፍሳሹ ይቀንሳል። ነገር ግን ያን ጊዜ ውሃው በ100 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ሞተሩ በዝግታ ብቻ ይሂድ፤ አንድ ሰውም የሙቀቱን መለኪያ እየተመለከተ ይቁም፤ ለዚህ ሥራ ከአሥር ዓመት በላይ የሆነ ልጅ እጅግ ታማኝ ዘበኛ ይሆናል።

ጥገናው ካለቀ በኋላ አዲሱ ፈሳሽ ይሞላል። እኩል አንቲፍሪዝና እኩል የተጣራ ውሃ መቀላቀል የተለመደው ልክ ነው፤ በሙቅ አገር የሚኖር ሰው ውርጭ የለብኝምና ውሃ ይበቃኛል አይበል፤ አንቲፍሪዙ የዝገት መከላከያም አለበትና። ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸውን ዓይነቶች አለማደባለቅ፥ በፋብሪካው በተጻፈው ዘመንም መለወጥ ያስፈልጋል። አሞላሉ በቀስታ ይሁን፤ በላይኛው ቱቦና በማሞቂያው መንገድ አየር ታስሮ ከቀረ ጋኑ ሙሉ መስሎ ሞተሩ ይግላልና፥ የአየር መልቀቂያው ብሎን ካለ ውሃ ብቻ እስኪወጣበት ድረስ ይላላ። ከዚያ ሞተሩ በወደብ ታስሮ ግማሽ ሰዓት ይሥራ፤ ከኋላም የባሕሩ ውሃ በደንብ መተፋቱ ይታይ። በማግሥቱ ማለዳ፥ ገና ሳይነሣ፥ ጋኑ ተከፍቶ የጎደለው ይሞላ፤ ቀለበቶቹም እንደገና ይጥበቁ፤ አዲስ ነጭ ወረቀት ከሞተሩ ሥር ይነጠፍ፤ በደብተሩም ላይ ቀኑና የተጨመረው ውሃ ልክ ይጻፍ።